የሐሙስ ፈረስ፣ የዓርብ ምሳ

ስለ ፈረስ እሽቅድምድም የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ሳልፈልግ ነው። ኩዌት የሄድኩት አንድ ሽማግሌ ለመንከባከብና ምግብ ለማብሰል ነበር። ደላላውም የነገረኝ ይህንኑ ነው፤ "አዛውንቱ ዓይናቸው ደከም አለ እንጂ ጤነኛ ናቸው፤ ሥራው ቀላል ነው" አለኝ። ዓይኑ የደከመ ሰው ፈረስ ወዳጅ ሲሆን ቤት ውስጥ ምን እንደሚፈጠር እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ።

ቤቱ ከከተማው ወደ አሕመዲ በሚወስደው አውራ መንገድ አቅራቢያ ካሉት ሰፈሮች በአንዱ ነው። ፎቁ ላይ ማዳም ከባሏ ጋር ትኖራለች፤ ምድር ቤት አባቷ። እኔ ባባ ነው የምላቸው። ባባ በወጣትነታቸው አሕመዲ ነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ሲሠሩ የፈረስ ነገር ከእንግሊዝ አለቆቻቸው ተጋባባቸው፤ ከዚያ ወዲህ አለቀቃቸውም። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ቀናቸውን የሚያሳልፉት በዲዋኒያቸው ውስጥ ነው። ዲዋኒያ ወንዶች እንግዶቻቸውን የሚቀበሉበት፣ ከግቢው በር አጠገብ ያለ ሰፊ ክፍል ነው። ዙሪያውን መከዳ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ግድግዳውን የሞላ ቴሌቪዥን አለ።

ሐሙስ ሐሙስ ማምሻውን አራት ጓደኞቻቸው ይመጣሉ፤ ሁሉም ጡረተኞች ናቸው። በሳተላይት ከሌላ አገር የሚተላለፈውን እሽቅድምድም አብረው ያያሉ። ዋናው ውድድር ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፈረስ ይመርጣሉ። በገንዘብ መወራረድ ሐራም ነው፣ ሕጉም ይከለክላል፤ ስለዚህ የሚወራረዱት በምሳ ነው። ፈረሱ ከሌሎቹ ኋላ የገባበት ሰው በማግስቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ ሁሉንም ቤቱ ጠርቶ ያበላል።

ማዳም፣ "አባዬ፣ ይሄም እኮ ቁማር ነው" ትላቸዋለች።

"ግብዣ ነው" ይሏታል። "ሰው መጋበዝ ሐራም የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?"

ተሸናፊው ያበላል ይባል እንጂ ባባ በሕይወታቸው ሽንኩርት ልጠው አያውቁም። እሳቸው ይሸነፋሉ፣ እኔ አበስላለሁ። አራቱ ሽማግሌዎች ደግሞ ብቻቸውን አይመጡም፤ ወንድ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን አስከትለው ነው። ለዚያ ሁሉ ሰው መጅቡስ ይሠራል፤ ሙሉ በግ በቅመም ተቀቅሎ ሩዙ በመረቁ የሚበስልበት ምግብ ነው። ሥጋውን ማጠብ፣ ሩዙን መዘፍዘፍ፣ ሽንኩርቱን ከዘቢብ ጋር ማቁላላት፣ የቲማቲም ስልሱን መፍጨት፣ ከዚያ ዕቃ ማጠብ። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ያንን ሁሉ ሥጋ ሳልቀምስ ነው የማበስለው። ጨው ልኩን ለማወቅ በማንኪያ ይዤ ዲዋኒያ ድረስ እሄድና ባባን አስቀምሳቸዋለሁ። ሁልጊዜ "ትንሽ ጨምሪ" ነው የሚሉኝ፤ የደም ግፊት ስላለባቸው አልጨምርም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ዓርብ የእኔ ቀን መሆኑ ነው። ስገባ ከማዳም ጋር የተነጋገርነው በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ እንድወጣ ነበር። አገሩ የሚያርፈው ዓርብ ስለሆነ የእኛም ቅዳሴ የሚሆነው ዓርብ ጠዋት ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሐዋሊ የሚባለው ሰፈር ያለችው ጓደኛዬ ጋ እሄዳለሁ። እሷ እዚያ የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች፣ ከሌሎች የአገራችን ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች፤ በጠባቡ ምንጣፍ ላይ እግሬን ዘርግቼ በአማርኛ ሳወራ ነው ሰው የምሆነው። ባባ በተሸነፉ ቁጥር ይህ ሁሉ ይቀራል። እየደወልኩ "ዛሬም አልመጣም" ስላት ጓደኛዬ መጀመሪያ አዘነችልኝ፤ በኋላ ግን "ፈረሱ አሁንም አነከሰ?" እያለች ትስቅብኝ ጀመር።

በዚያ ላይ ባባ የሚሸነፉት በእኔው አፍ ነው። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ ወጥቷል፤ ሐኪም ካልቀደድኩ ሲላቸው "የተረፈኝን አልሰጥም" ብለው እምቢ አሉ። የውድድሩን መረጃ በማዳም ታብሌት ላይ የማነብላቸው እኔ ነኝ። አስረኛ ክፍል ድረስ ስለተማርኩ የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር አያቅተኝም፤ ዐረብኛው ካቃተኝ በምልክት ይሆናል። ሐሙስ ከምሳ በኋላ አጠገባቸው ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብዬ የእያንዳንዱን ፈረስ ስም፣ ዕድሜ፣ የሚነሳበትን በር፣ የሚሸከመውን ክብደት፣ ባለፉት ውድድሮች ስንተኛ እንደወጣ እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያቸውን እያዞሩ ያዳምጣሉ።

የክብደቱ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባኝ ተናደድኩ። ፈረስ ጎበዝ በሆነ ቁጥር ኮርቻው ሥር የእርሳስ ክብደት ይጨመርበታል፤ ሰነፉ ቀለል ይልለታል። ሁሉም እኩል ዕድል እንዲኖራቸው ነው አሉ።

"ታዲያ ጎበዙ ምን አጠፋ፣ ባባ?" አልኳቸው።

"አሸነፈ" አሉኝ። "ያሸነፈ ይሸከማል።"

"ሰነፉስ?"

"እሱን እኔ እመርጠዋለሁ" ብለው ሳቁ።

እውነታቸውን ነው። የባባ ችግር ይኸው ነበር። ሰው ሁሉ ያሸንፋል ያለውን ፈረስ መምረጥ ለእሳቸው ውርደት ነው። "እሱንማ ዕውርም ይመርጠዋል" ይላሉ፤ ዓይናቸውን ረስተው። እሳቸው የሚፈልጉት ማንም ያላየውን ነው። ይሄኛው ባለፈው ስምንተኛ የወጣው መሬቱ ለስላሳ ስለነበረ ነው፤ ያኛው ርቀቱ አጥሮበት ነው፤ ይቺ ባዝራ ጋላቢዋ ቸኩሎባት ነው። ትንታኔያቸውን ለሚሰማ ሰው አሳማኝ ነው። ፈረሱ ግን አልሰማም።

ከጓደኞቻቸው መካከል ጢማቸውን ጥቁር የሚቀቡ አንድ አዛውንት አሉ፤ እንደ ባባ የነዳጅ ኩባንያ ጡረተኛ ናቸው፣ አሁንም አሕመዲ ነው የሚኖሩት። እኚህ ሰው ምንም አይተነትኑም። ብዙ ሰው የገመተለትን ፈረስ ጠይቀው እሱኑ ይይዛሉ። አንደኛ ባይወጣም ሁለተኛ ሦስተኛ ይገባል፤ ምሳ አብልተው አያውቁም ማለት ይቻላል። እየመጡ የሚበሉት የእኔን ነው።

ውድድሩ ሲጀመር ደግሞ ሻይ ይዤ ገብቼ መውጣት አልችልም። ባባ በቴሌቪዥኑ ላይ የሚታያቸው የሚንቀሳቀስ ጥላ ብቻ ነው።

"የእኔ የት ደረሰ?" ይላሉ።

"ከኋላ ነው፣ ባባ።"

"ጥሩ። ጋላቢው ጉልበት እያስቆጠበው ነው።"

ትንሽ ቆይተው፣ "አሁንስ?"

"አሁንም ከኋላ ነው።"

"ወደ መጨረሻው ቀጥታ መስመር ገብተዋል?"

"ሌሎቹ ገብተዋል።"

ጢማቸውን የሚቀቡት ሰውዬ በሳቅ መከዳው ላይ ይወድቃሉ። እኔ ግን አልስቅም፤ ስንት ኪሎ ሩዝ እንደምዘፈዝፍ ነው የማስበው።

ዐረብኛ "አንቱ" የሚባል ነገር የለውም። ንጉሡም አሽከሩም "ኢንተ" ነው። እኔ ግን ባባን በልቤ ሁልጊዜ አንቱ ነበር የምላቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ክፉ ቃል ተናግረውኝም አያውቁም። ሐሙስ ማታ ብቻ፣ ከተሸነፉ በኋላ፣ ወጥ ቤት ገብቼ ድስት ሳወርድ "አንተ" ይሆናሉ። "አንተ ሽማግሌ፣ ምናለ አንድ ቀን እንደ ሰው ብትመርጥ" እላለሁ በአማርኛ። ቅዳሜ ጠዋት መድኃኒታቸውን ስሰጥ ተመልሰው አንቱ ናቸው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ትዕግሥቴ አለቀ። በጾሙ እንኳን ቤተ ክርስቲያን መሳም ካልቻልኩ ምን ቀረኝ ብዬ አንድ ሐሙስ ታብሌቱን ጭኔ ላይ አድርጌ እንዲህ አልኳቸው፦

"ባባ፣ ይሄ ቁጥር አንድ ያለው ፈረስ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አሸንፏል። ዛሬ እሱን ይምረጡ።"

"ብዙ ክብደት ይዟል።"

"ቢይዝም ይምረጡት።"

መቁጠሪያቸውን አቆሙ። "እንዲህ ታውቂ ከነበር ዛሬ አንቺ ምረጪልኝ" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ማታ ግን በጓደኞቻቸው ፊት "የዛሬው ፈረሴ የልጄ ምርጫ ነው" ብለው አወጁ። ጢማቸውን የሚቀቡት ሰውዬ ያንኑ ፈረስ ሊይዙ አስበው ኖሮ ቅር አላቸው፤ ሁለተኛ የተገመተውን ያዙ።

የመነሻው በር ሲከፈት የእኔ ፈረስ አልወጣም። ሌሎቹ ተፈትልከው ሲሄዱ እሱ ወደ ጎን ዞሮ ቆመ፤ ጋላቢው በስንት መከራ ገፋፍቶ ሲያስወጣው ሌሎቹ ርቀዋል።

"የእኔ የት ደረሰ?" አሉ ባባ።

ምን ልበላቸው። "ተነሥቷል" አልኩ።

የመጨረሻ ሆኖ ገባ። ያን ቀን ባባ የነበራቸውን ደስታ አሸንፈው እንኳ የሚያገኙት አይመስለኝም። እየሳቁ ጉልበታቸውን ይመታሉ፤ "አየሽ?" ይሉኛል፣ "አየሽ ፈረስ ምን እንደሆነ?" በማግስቱ በራሴ ምርጫ የመጣብኝን በግ ስቀቅል እንባዬ ይምጣ ሳቄ መለየት አቃተኝ።

በዚያው ዓርብ ከምሳ በኋላ ጢማቸውን የሚቀቡት ሰውዬ እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ወጥ ቤቱ በር መጡ። ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቢንቲ፣ ልጄ፣ አትቀየሚው" አሉኝ። "ሰውዬው ፈረስ ያውቃል። ሆን ብሎ ነው የሚሸነፈው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ይሄ ቤት ዓርብ ዓርብ እንግዳ አያጣም ነበር። ያንን ነው የሚፈልገው።"

ልቤ ተነካ። ያን ሁሉ ጊዜ በልቤ አንተ ስላቸው በመክረሜ አዘንኩ። በቀጣዩ ሳምንት እንደተለመደው ሲሸነፉ ሳላጉረመርም አበሰልኩ፤ ሳይጠይቁኝ የሚወዱትን የቴምር ጣፋጭ ጨመርኩበት። ማታ እግራቸውን እያሸሁላቸው፣ "ባባ፣ አሁን ገብቶኛል" አልኳቸው። "እንግዳ እንዲመጣ ብለው ነው የሚሸነፉት።"

እግራቸውን ከእጄ መነጨቁ።

"ማን አለሽ?"

ነገርኳቸው።

"እኔ ለመሸነፍ ብዬ ፈረስ የምመርጥ ሰው እመስልሻለሁ? ስንት ዘመን ያጠናሁት ለዚህ ነው?"

ከዚያ በኋላ አኮረፉኝ። ሻዬን አልጠጣ አሉ፤ መድኃኒታቸውንም ከማዳም እጅ ካልሆነ አልውጥ አሉ። ሐሙስ ሲመጣ ታብሌቱን ማዳም እንድታነብ አዘዙ። ማዳም ከመሥሪያ ቤት ደክሟት ነው የምትገባው፤ ሁለት ፈረስ አንብባ ስልኳ ይጠራል፣ ስትመለስ ከየት እንዳቆመች አታውቅም፣ የበሩን ቁጥር ከክብደቱ ጋር ታምታታለች። ከወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። "ኪሎው አራት ነው" ስትላቸው ባባ "አራት ኪሎ የሚሸከም ፈረስ ሳይሆን ዶሮ ነው" አሉ። ቀጥሎ ስሜን ሲጠሩ ሰማሁ። ሳንታረቅ፣ ምንም ሳንባባል፣ ገብቼ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩ።

ስለ አንዱ ፈረስ ሳነብ ድምፄ ራሱ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ዕድሜው ገፍቷል፤ ባለፉት ውድድሮች ሁሉ ከኋላ ነው። ባባ ግን እጃቸውን አነሡ።

"ካሸነፈ ስንት ጊዜው ነው?"

"በጣም ቆይቷል፣ ባባ።"

"ያኔ ርቀቱ ስንት ነበር?"

ወደ ታች ፈልጌ ነገርኳቸው። የዛሬው ርቀት ያው ነበር፤ በመካከሉ የተወዳደረው ሁሉ ከዚያ ያጠረ ነው።

"ያኔ ስንት ተሸከመ? ዛሬስ?"

ዛሬ በጣም ቀሎለታል። ባባ ፈገግ አሉ። "እሱ ነው" አሉ። እኔ በልቤ በጉን ገዛሁ፣ ሩዙን ዘፈዘፍኩ።

ማታ ሽማግሌው ፈረስ እንደተለመደው ከኋላ ሄደ። "የእኔ የት ደረሰ?" ሲሉኝ "ከኋላ" አልኩ። ሁለተኛም "ከኋላ" አልኩ። ወደ መጨረሻው ቀጥታ ሲታጠፉ ግን ሌሎቹ ደከሙ፣ እሱ አልደከመም። ያው በነበረበት ሩጫ ነው የሚሄደው፤ እነሱ ናቸው ወደ እሱ የሚመጡት።

"ባባ፣ እያለፈ ነው" አልኩ። "አንዱን አለፈ። ሌላውንም አለፈ።"

"ቀስ ብለሽ ንገሪኝ" አሉ፤ ክንዴን ጨብጠው ይዘዋል።

"ሁለተኛ ነው። እኩል ናቸው። አልፏል፣ ባባ። ገባ።"

 ባባ ክንዴን እንደያዙ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ። ጢማቸውን የሚቀቡት ሰውዬ ፈረስ ደግሞ ሲንገዳገድ መጥቶ ከአምስቱም ኋላ ገባ። በዚያች ቅጽበት ከእኔ በላይ የተደሰተ ሰው ኩዌት ውስጥ አልነበረም። ነጠላዬን ከሻንጣ አውጥቼ ሰቀልኩ፤ ለጓደኛዬ ደውዬ "ነገ እመጣለሁ፣ ሽሮ ሥሪልኝ" አልኳት።

የሻይ ብርጭቆ ልሰበስብ ስገባ ባባ ብቻቸውን ነበሩ።

"ነገ በጠዋት ሾፌሩ አሕመዲ ያደርስሻል" አሉኝ።

"ምን ላደርግ?"

"የተሸናፊው አብሳይ አገሩ ሄዷል። ሬስቶራንት አዛለሁ ሲል እኔ እምቢ አልኩ። በልጄ እጅ ነው የምበላው አልኩት።"

ብርጭቆዎቹን መልሼ አስቀመጥኳቸው። "ባባ፣ እኮ ዛሬ አሸንፈዋል" አልኳቸው።

"አዎ፣ አሸንፈናል" አሉ በደስታ።

"ሲሸነፉ አበስላለሁ። ሲያሸንፉም አበስላለሁ። ታዲያ እኔ የማላበስለው ምን ሲሆኑ ነው?"

ጥያቄው ከዚያ በፊት በአእምሯቸው አልፎ አያውቅም። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ማዳም ከደረጃው ወረደች። ነገሩን በተሰባበረ ዐረብኛዬ አስረዳኋት፤ ከበዓለ ጥምቀት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን እንዳልሄድኩ፣ የሐዋሊን መንገድ እንደረሳሁት፣ ዓርብ የእኔ ነው ብላ የነገረችኝ እሷ ራሷ እንደሆነች። ማዳም ቀላች። ወደ አባቷ ዞራ በፍጥነት ብዙ ነገር ተናገረች፤ ግማሹን አልሰማሁትም። 

"ቃል ሰጥቻለሁ፤ ነገ ከቀረሽ አፍራለሁ" አሉ ባባ።

"ነገ እሄዳለሁ" አልኳቸው። "ከነገ በኋላ ግን ዓርብ አላበስልም።"

ሄድኩ። የአሕመዲው ቤት ዛፍ የበዛበት አሮጌ የኩባንያ ቤት ነው፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ግን ትልቅ ድስት የለም፣ ቢላዋውም ቅቤ አይቆርጥም። ሩዙን በሦስት ትንንሽ ድስት ከፋፍዬ አበሰልኩት፤ አንዱ ለቦቀ፣ አንዱ አረረ። ከአዳራሹ የባባ ድምፅ ይሰማኛል፤ ርቀቱን እንዴት እንዳስተዋሉ፣ ክብደቱ እንዴት እንደቀለለ ለልጆቹ ሁሉ ደግመው ደጋግመው ይተርካሉ። የለቦቀውን ሩዝ አሞገሱት፤ ሁለተኛ ጊዜ አስጨመሩ። ባለቤቱ ወጥ ቤት መጥተው "በእኔ ምክንያት ነው፣ ይቅር በይኝ" አሉኝ። ሆን ብሎ ነው የሚሸነፈው ብለው ስለነገሩኝ ይሁን ስለ ዓርቡ፣ አልጠየቅኳቸውም።

ሲመሽ ወደ ቤት ስንመለስ ባባ ከፊት ወንበር ሆነው፣ ለሾፌሩ የሚነግሩ መስለው፣ "ቅዳሜም ሆድ አለን" አሉ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ምሳው ቅዳሜ ሆነ። ማብሰሉ አልቀረልኝም፤ ባባም መሸነፋቸውን አልተዉም።

የመጀመሪያዋ ነፃ ዓርቤ የፋሲካ ሰሞን ነበረች። አስቀድሼ፣ ነጠላዬን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ወደ ሐዋሊ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ የመስኮት ቦታ አግኝቼ ተቀመጥኩ። ስልኬ ጠራ፤ ባባ ናቸው። ዓርብም ውድድር አለ አሉኝ። ምሳ የለበትም፣ ለማወቅ ያህል ብቻ ነው። ማዳም ዝርዝሩን ፎቶ አንስታ በዋትስአፕ ልካልሻለች፣ አንብቢልኝ።

"ባባ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ።"

"በአውቶቡስ ውስጥ ቁጥር አይነበብም?"

ፎቶውን ከፈትኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው ፊሊፒናዊት ሴት ወደ ስልኬ ታያለች፤ ከኋላዬ ያሉት ሁለት የአገሬ ልጆች ወሬያቸውን አቆሙ። ድምፄን ከፍ አድርጌ በዐረብኛ ማንበብ ጀመርኩ፦ ቁጥር አንድ፣ ዕድሜው አራት፣ በር ሦስት፣ ባለፈው አንደኛ።

"እሱን እለፊው" አሉኝ።